ከነነፍሷ የደረስንባት አጋዘን

ሸኹ በስልክ የነገሩን ግልጽ ነበር። ልጅሽ ቃታውን ስትስብ ቢስሚላህ ትበል፤ እንስሳው በጥይቱ ከሞተ ሐላል ነው። ከነነፍሱ ከደረሳችሁበት ግን ቢላዋ ያስፈልገዋል፣ ፈጥናችሁ እረዱት። ማረድ እየቻላችሁ ቆማችሁ እያያችሁት ከሞተ በክት ነው፣ አይበላም። «ሴትም ብትሆን ታርዳለች ልጄ፣ ምንም ችግር የለውም» ብለው ጨመሩ። «እሺ ሸኽ» አልኩ። በሆዴ ግን ባለቤቴ እያለ እኔ ምን አግብቶኝ ብዬ ነገሩን እዚያው ዘጋሁት።

ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እኔና አደን ምን አገናኘን? ሥራዬ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለው አፓርታማችን ብዙም የማይርቅ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤት በሳምንት አምስት ቀን እሠራለሁ። እግራቸው አልታዘዝ አላቸው እንጂ አፋቸው ደህና ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያው ትመጣለች። እኔ ጓዳ ሆኜ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው ስል፣ ለካ እሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው የድሮ ዓይነት ጠመንጃቸውን እያስተማሯት ኖሯል። በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን በአፈሙዙ ትጨምራለች፣ የእርሳስ ጥይቱን በዘንግ ትጠቀጥቃለች፣ የምታቀጣጥለዋን ትንሽ ካፕ ከኋላ ትሰካለች። አንዴ ይተኩሳል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንደገና ከሀ ይጀመራል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ማደን እፈልጋለሁ አለችኝ። ምን ጎድሎብሽ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ስጋ ቤቱ ሞልቶ የለም ወይ አልኳት። «እሱን ሌላ ሰው ገድሎት ነው ማሚ። እኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ራሴ ማየት አለብኝ» አለች። ይቺ ልጅ መንገድ ዳር መኪና የገጨው ጥንቸል ስታይ አልቅሳ ትምህርት ቤት ያረፈደች ልጅ ናት። «ግን የማንበላውን አልገድልም። ፕሮሚስ አድርጊልኝ» አለች። ፕሮሚስ አደረግኩላት። ቃል መግባት ምን ይከብደኛል።

ሕጉ የአዳኞችን ኮርስ የወሰደ አዋቂ አብሯት እንዲሆን ይጠይቃል። ባለቤቴ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፤ ከስቴት ስቴት ሲዞር ነው የሚኖረው። ስለዚህ ኮርሱን ከእሷ ጋር የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሂጃቤን አድርጌ በሩን ከፍቼ ስገባ ክፍሉ ሙሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ከእኔ የበለጠ ውጤት አመጣች፤ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ፈቃዱ ለአንዲት ሴት አጋዘን ነበር፣ በታኅሣሥ ወር፣ የወቅቱ መጨረሻ ላይ። ቦታውን የሰጡን የሽማግሌው የወንድም ልጅ ናቸው፤ ከኦሮራ በስተምሥራቅ፣ ከኤርፖርቱ ብዙ አልፎ፣ ስንዴው የታጨደበት ሰፊ መሬት አላቸው። ዕቅዳችን ባለቤቴ አብሮን ሄዶ፣ ካስፈለገ እሱ እንዲያርድ ነበር። እሱ ግን ዋዮሚንግ ላይ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶበት ቀረ። ሁለት ቀን ጠበቅነው። የፈቃዷ የመጨረሻ ቀን ዋዜማ ላይ ደወለ።

«አንቺ ይዘሻት ሂጂ» አለኝ። «ጥሩ ተኳሽ ናት፤ በጥይቱ ትጥላታለች።»

«ባትጥላትስ?»

«ቢላዋ አለሽ አይደል?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እዚያው መተው ነበረብኝ። አሁን ለመናገር ቀላል ነው። ገና ሳይነጋ ከመኝታ ቤቴ ስወጣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ብርቱካንማ የአዳኝ ሰደርያዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቁርሷን በልታለች፣ የእኔንም ዳቦ በወረቀት ጠቅልላልኛለች። እንዴት ብዬ አንሄድም ልበላት?

ከደረቀው የወንዝ ቦይ ዳር በሆዳችን ተኛን። ነፋሱ በጃኬቴ እጅጌ እየገባ እስከ ብብቴ ይደርሳል። ልጄ ጠመንጃውን በአንድ ጉቶ ላይ አስደግፋ ጉንጯን ለጥፋለች። አፍንጫዋ ይፈሳል፣ አትጠርገውም። አንድ ሰዓት እንዲሁ አለፈ። ምናለ ባይመጡ፣ ብርድ ነው ብለን እንመለስ ነበር እያልኩ ሳስብ አራት አጋዘኖች ከቦዩ ውስጥ እየተከታተሉ ወጡ። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም። የመጨረሻዋ ጎኗን ሰጥታ ስትቆም ከስልሳ እርምጃ አትበልጥም ነበር።

«ቢስሚላህ» አለች ልጄ፤ በደንብ ሰምቻታለሁ።

ነጭ ጭስ ፊታችንን ጋረደው። የዚህ ጠመንጃ ነገር ይሄ ነው፤ ተኩሰሽ ምን እንደመታሽ አታውቂም፣ ጭሱ እስኪያልፍ ትጠብቂያለሽ። ጭሱ ሲገፈፍ ሦስቱ ርቀው ይሮጣሉ። አራተኛዋ ወድቃለች፣ ግን አንገቷ ቀና ብሏል። ለመነሳት ትታገላለች፤ የኋላ እግሮቿ አልታዘዟትም። ጥይቱ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዷል።

«እንደገና አጉርሺ» አልኳት፤ የተማርነው እንደሱ ነው። ጓንቷን በጥርሷ አወለቀች። ጣቶቿ ቀልተዋል፣ ባሩዱ ትንሽ ፈሰሰባት፣ ዘንጉን ሁለቴ ሳተችው። ቢሆንም ጨረሰች። ካፑን ሰካችና አነጣጠረች።

«ማሚ፣ ልተኩስ?»

«ቆይ» አልኳት። «ነፍስ አላት። እናርዳታለን።»

እናርዳታለን ያልኩት ማንና ማን ሆነን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ካፑን እንድታወልቅ፣ ጠመንጃውን ይዛ ወደ አጥሩ እንድትዞርና እንዳታይ ነገርኳት። ይሄን ማየት የለባትም ብዬ ነው። ለማየት ነበር እኮ የመጣችው። እሺ ብላ ዞረች፤ እኔ ቢላዋዬን ይዤ ሄድኩ።

ቢላዋው ምላጭ ነው፤ ሃቫና ያለው ባለ ስጋ ቤቱ ራሱ ነው የሳለልኝ። አጋዘኗ ስታየኝ መታገሏን ተወች። ከአፍንጫዋ በብርዱ እንፋሎት ይወጣል፣ ቶሎ ቶሎ። ቆምኩ። እጄ ተሳሰረ።

እኛ ቤት ሴት አታርድም። ሃይማኖት አይደለም፤ ሸኹም ነግረውኛል። እንዲሁ አታርድም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ አምስት ሴቶች ነበርን፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቢላዋ ከእጃችን አይጠፋም። ዶሮ የሚታረድ ቀን ግን ዶሮውን ክንፉን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፣ ወንድ እስኪያልፍ። «ሙስሊም ነህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ቆራሌው ነው ዕቃውን አስቀምጦ ያረደልን። እናቴ ምርቃት አወረደችለት። ማናችንም ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ወንድ ፍለጋ ነው። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፣ ግን ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። የታጨደ ስንዴ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ሰማይ። በእኔና በጎረቤቱ ስቴት በኔብራስካ መሃል ሰው ያለ አይመስልም። ከዚያ ደግሞ ስልኬን አወጣሁ። ዋዮሚንግ በረዶ ውስጥ ያለ ሰው ምን ሊያደርግልኝ? ጠራ፣ ጠራ፣ አነሳው።

«ወድቃለች፣ ግን አልሞተችም» አልኩት።

«እረጃት እንጂ ምን ትደውያለሽ?» አለኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ተንበረከክኩ፣ አገጯን ይዤ ራሷን ወደ ኋላ ልመልስ ስል ከበደኝ፤ አልታገለችኝም። አፍንጫዋን አየሁ። እንፋሎቱ የለም። እጄን አስጠግቼ ጠበቅኩ። የለም።

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አልኩና አንገቷን ቆረጥኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ደሙ እየተንቀረፈፈ ወጣ።

«ማሚ? ሐላል ናት?» አለችኝ ልጄ ከአጥሩ በኩል።

«ሐላል ናት» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እየሮጠች መጣች። እጇን የአጋዘኗ አንገት ላይ አድርጋ «ሶሪ» አለቻት፣ ከዚያ «ታንክ ዩ» አለቻት፣ ከዚያ አለቀሰች። ዕንባዋን ሳትጠርግ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ያ ረቢ፣ ምነው ያኔ በተናገርኩ።

ሽማግሌው እንዳስተማሩን ሆድ ዕቃዋን አውጥተን፣ በፕላስቲክ ሸርተቴ ጎትተን መኪና ላይ ጫንናት። መንገዱን ሙሉ ልጄ ለማን ለማን እንደምትሰጥ ታወራለች። ለጎረቤታችን ይሄን ያህል፣ ለሸኹ አንድ እግር፣ ለአባቷ ጉበቱ ይቀመጥለት። ሸኹን ስትጠራ መሪው ላይ እጄን አላበኝ። ባለቤቴ ደወለ። «ደረስሽባት?» አለኝ። «ደረስኩ» አልኩት። ልጄ ስልኩን ነጥቃኝ ሁሉንም ተረከችለት፣ እሱም ማሻአላህ ማሻአላህ ይላል። እንዲህ አድርጋ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ቤት ገብተን አንዱን ታፋ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። የዐስርን ሶላት ልሰግድ ብዬ ምንጣፉ ላይ ቆሜ አቃተኝ። ምን ብዬ ነው እጄን የማነሳው? ልጄ ጓዳ ሆና ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ስትጨምር ሰማሁ። በጥፍሬ ቆሜ አሰብኩ፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ እሷ ትበላለች፣ ሸኹ ይበላሉ፣ ጎረቤቴ ለልጆቿ ታበላለች፣ ኃጢአቱ የእኔ የብቻዬ ይሆናል። ይሄን ሳስብ ራሴን ፈራሁት። ሄጄ ምድጃውን አጠፋሁት።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ፤ ማማሰያው በእጇ ነው።

«አትብዪ። ቢላዋው ሳይነካት ሞታለች። ቆሜ እያየኋት ነው የሞተችው።»

መጥበሻውን አየች፣ እኔን አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ልተኩስ ብዬሽ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጎርሶ ነበር። ሬዲ ነበርኩ። ቆይ አልሽኝ።» «ማንን እየጠበቅሽ ነበር?»

«ወንድ» አልኳት።

ማማሰያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «እኔ እዚያ ነበርኩ እኮ» አለች።

በዚህ አገር ያደኑትን ስጋ መጣል ወንጀል ነው፤ ኮርሱ ላይ ደጋግመው ነግረውናል። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልለን በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ወሰድነው። ከባዱን ፌስታል የተሸከመችው እሷ ናት፤ ልርዳሽ ስላት እምቢ አለች። ሽማግሌው ሲያዩን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። የፌስታሉን ብዛት ሲያዩ ግን ግራ ገባቸው። ሁሉንም ለምን ለእኔ፣ እናንተስ አሉ።

«ፍሪዘራችን ሞልቷል» አለቻቸው ልጄ። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እሳቸውም አመኗት።

ጠዋት ከቤት ስንወጣ ይቺ ልጅ መዋሸት አትችልም ነበር። ልታድነኝ ብላ ነው፤ በሰው ፊት እንዳላፍር። ከማን እንደተማረችው ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

«አይደለም» አልኩ በእንግሊዝኛዬ። «ፍሪዘራችን ባዶ ነው።»

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝም አላልኩም። ቢላዋ ይዤ እንደቆምኩ፣ ወንድ ፍለጋ ሜዳውን እንዳየሁ፣ ስልክ እንደደወልኩ፣ ጠመንጃ አጉርሳ የጠበቀችኝን ልጄን ዞር በዪ እንዳልኳት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ከፌስታሉ ላይ አነሱ። ልጄ ክንዴን እንደያዘች መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ፣ ለሞተች እንስሳ ቢስሚላህ ብዬ የጮህኩት ልጄ ሰምታ ሐላል ናት ብላ እንድታምን ብቻ ነው አልኳቸው። ይሄን ጓዳ ውስጥ አልነገርኳትም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ክንዴንም ለቀቀችው።