ደጃፌ ድረስ የመጣችው ቀጭን መስመር

ሃያብለ በሚባል የወደብ ከተማ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ውሃ የለውም። ከዋናው ቧንቧ በድብቅ የውሃ ጎማ ቀጥዬ፣ አፈር አልብሼ ደጃፌ ድረስ አምጥቼዋለሁ። ከታወቀብኝ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ይቆርጡብኛል።

አርብ ዕለት ወደብ ጭነት ሳወርድ ውዬ፣ ድካሙ ሳይለቀኝ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ከጎማው የቀዳሁትን ውሃ በጆግ ስጠጣ፣ ስልክ የያዘ ልጅ መሬት መሬቱን እያየ መጣ።

“ወንድሜ፣ እዚህ ስር ያለው ውሃ በግፊት ነው የሚሄደው ወይስ እንደ ወንዝ ዝም ብሎ ይወርዳል?”

ሰላይ ነው አልኩ በሆዴ።

“ማን ላከህ?”

“ማንም። ኢንተርኔት ላይ ሰው ተባብሮ የሚሠራው ካርታ አለ። በግፊት ከሆነ ቧንቧ፣ ዝም ብሎ ከወረደ ቦይ ብዬ እመዘግባለሁ።”

ሳይከፈለው ይሄን የሚለፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

“የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው” አልኩት።

“ትልቁን መስመር አውቀዋለሁ። የቸገረችኝ እቺ ናት” ብሎ ስልኩን አዞረልኝ። እርጥቡን አፈር ተከትሎ የሳላት ቀጭን መስመር ከዋናው ተገንጥላ እኔ በር ላይ ታልቃለች። “እሷም ፍሳሽ ናት?”

“እሷም።”

የሚንጠባጠበውን ጎማ አየ፣ ጆጉን አየ።

“ታዲያ ምን እየጠጣህ ነው?”

ዓይን ዓይኑን እያየሁ እስከ ታች ጨለጥኩት።