የአምበሉ ክሊራንስ

የከተማችን ኳስ ቡድን አምበሉን ያሰናበተ ዕለት ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ስትተይብ አጠገቧ ቆሜ አነበብኩት። "በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች ያለ ፈቃድ ባለመገኘትዎ" ይላል። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ያዥ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደዚህ ቆላ ስመደብ ሥራዬ ማሊያና ታኬታ ማደልና መረከብ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በመጀመሪያው የማሊያ ዕደላ ላይ የተጫዋቾቹን ስም ስጠራ አምበሉ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ "ጎበዝ፣ ዝም በሉ! ይቺ ልጅ ሳይለንት ላይ ናት" አለ። ቡድኑ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሳይለንት ሆነ።

በዚያው ቢያበቃ እረሳው ነበር። በተከታዩ እሑድ ጎል አገባ። ሊያቅፉት የመጡትን ጓደኞቹን አልፎ፣ እኛ የቢሮ ሠራተኞች ወደተቀመጥንበት ዳስ እየሮጠ መጣና እኔ ፊት ቆሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "እሽሽሽ!" ሜዳው ሙሉ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ጎል ባገባ ቁጥር ያው ሆነ፤ ሲያገባ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ያገባል። ገበያ ወጥቼ የቲማቲም ዋጋ ስጠይቅ ሻጯ እንኳ እየሳቀች ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግ ጀመር። ከሜዳ እንዳልቀር ኳሶቹና ትርፍ ማሊያዎቹ በእኔ እጅ ናቸው። የምሠራለት ቡድን ጎል እንዳያገባ እየጸለይኩ ዘጠና ደቂቃ የምቀመጥ ሰው ሆንኩ።

ስለዚህ ስንብቱን እንደ ፍርድ ቆጠርኩት። ደጋፊዎቹ ግን ሐዘን ተቀመጡ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ሥር አንዲት እናት ሻይ ይሸጣሉ፤ ክርክሩ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ይጀመራል። የሚመሩት አንድ ባለባጃጅና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

"ሦስት ጨዋታ ቀረ ይላሉ!" ይላል ባለባጃጁ። "ማን አስቀረው? ቡድኑን የሚደግፈው ባለሀብት ራሱ አይደል እንዴ በመኪናው ጭኖ ኮኪት ያለው እርሻው ድረስ የወሰደው? 'ሠራተኞቼን ተቆጣጠርልኝ፣ አንተን ይሰማሉ' ብሎ!"

"ታዲያ ውሉ ላይ የተጻፈው ተጫዋች ነው ካቦ?" ይላሉ መምህሩ። "እምቢ ማለት ነበረበት።"

"ጋሼ፣ ጥቅምት እኮ ነው! ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ በየክምሩ ሂላ ላይ ቆሟል፤ ዛሬ ካላራገፉት ነገ ፍሬው መሬት ላይ ነው። የሚያበላውን ሰው በዚያ ሰዓት እምቢ ይበል?"

"የሚያበላው ሰው ነዋ ያባረረው።"

"እኔስ ምን አልኩ? ገና የአንድ ዓመት ውል አለው። ወይ ይመልሱት፣ ወይ ይካሱት!"

"አንተ የሱ ጠበቃ ነህ የኛ ሾፌር?" ይላሉ መምህሩ። "ባጃጅህ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጤና ጣቢያ አድርሰኝ ብለው ቁጭ ብለዋል። መጀመሪያ እሳቸውን አድርስና ትሟገታለህ።"

እውነቱን ለመናገር ባለባጃጁ ትክክል ነበር። ውሉን እኔም አንብቤዋለሁ። ሰውየው ተበድሏል። መበደሉን ማወቄ ግን ደስታዬን አልቀነሰውም፤ እንዲያውም ጨመረው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ አምበሉ ቢሮዬ መጣ። የጎረቤት ከተማ ቡድን ሊያስፈርመው ፈልጓል፤ የተጫዋቾች ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነው። ለመመዝገብ ከእኛ መልቀቂያ ያስፈልገዋል፤ መልቀቂያውን ለማግኘት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በእጁ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ክሊራንስ። ክሊራንሱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

"እቱ፣ እዚህች ላይ ፈርሚልኝ" አለ። ስሜን አልጠራም፤ የሚያውቀውም አይመስለኝም።

የተረከባቸውን ዕቃዎች ዝርዝር አወጣሁ። ማሊያውን፣ ቱታውንና ታኬታውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጥቷል። አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

"የአምበል የክንድ ማሰሪያ" አልኩ።

"ምን?"

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ለመስማት ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ አለ። ደገምኩለት።

"ያ ጨርቅ? በመጨረሻው ጨዋታዬ ለሕዝቡ ወረወርኩት እኮ! አንቺም ነበርሽ።"

"ነበርኩ። ግን ፈርመህ የወሰድከው ነው።"

"እሺ፣ ገዝቼ ልተካ።"

"የቡድኑ ዓርማ ያለበት፣ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አሠርተው ያስመጡት ከአዲስ አበባ ነው።"

ይህ ሁሉ ደንቡ ነው፤ ማንም ኦዲተር አይነቅፈኝም። ነገር ግን ማሰሪያው የት እንዳለ አውቅ ነበር። የተወረወረ ዕለት ዘሎ የቀለበው ባለባጃጁ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባጃጁ መስተዋት ላይ አስሮታል። አምበሉ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ ሲለምነኝ ኒሙ ሥር ከቆመው ባጃጅ ላይ ቢጫው ጨርቅ በትከሻው በኩል ይታየኝ ነበር። ወደ ውጭ ማሳየት ብቻ ይበቃ ነበር። አላሳየሁትም።

ወሬው በዚያው ሰዓት ኒሙ ሥር ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት የባጃጁ መስተዋት ባዶውን ነበር። አምበሉ ራሱ ወደ ሻይ ጠጪዎቹ ሄዶ፣ "ወንድሞቼ፣ ያቺን ጨርቅ ያየ አለ?" ብሎ ሲጠይቅ በመስኮቱ ሰማሁት።

"ኧረ በማርያም!" አለ ባለባጃጁ ከሁሉም ቀድሞ። "ብናይ እንደብቅሃለን እንዴ?"

ይሄኔ ገባኝ። ባለባጃጁ ጨርቁን የደበቀው አምበሉ እንዳይሄድበት ነው። እሱ ከፍቅሩ ብዛት፣ እኔ ከቂሜ ብዛት፣ ሳንነጋገር አንድ ሥራ ይዘናል።

አምበሉ በየቀኑ ተመላለሰ። ሐሙስ ዕለት ሲመጣ ቀልዱ ሁሉ አልቆ ነበር።

"ባለቤቴ እዚያ ከተማ እናቷ ጋ ናት። መውለጃዋ ደርሷል። እዚያ ብፈርም አጠገቧ እሆናለሁ" አለኝ።

ሰማሁት። ልቤ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ አልደብቅም። ከዚያ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተቀመጥኩባቸው እሑዶች በየተራ መጡብኝ።

"እስከ ነገ ጊዜ አለህ" አልኩት።

ዓርብ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ያልተፈረመውን ክሊራንስ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ዓርብ የለም።

ያላሰብኩት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ቡድናችን ያለ እሱ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ የባለሀብቱ ሰሊጥ ደግሞ ተራግፎ፣ ተጭኖ አልቋል። የአምበሉ ስም ከእኛ መዝገብ አልተሰረዘም። ያልተሰረዘው ክሊራንሱ ስላልተፈረመ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ባለሀብቱ ጠርቶት ታረቁና አዲስ ውል ተፈራረሙ። ተመለሰ። ያስመለስኩት እኔ ነኝ።

ባለባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ መስኮቴ ሥር መጥቶ ቆመ። በፍርግርጉ መሐል ቢጫውን ጨርቅ አሾለከልኝ።

"እህቴ፣ አንቺ ዝምተኛ! ለካ እንዲህ ነሽ? እኔና አንቺ ባንኖር ሄዶብን ነበር እኮ!"

መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ በሕግ አስቀረሽው። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ውል ውል ስል፣ ክሊራንስ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።"

ባለሻይዋ እናት ሻይ በብርጭቆ ላኩልኝ። ኃላፊዬ እጄን ጨበጠኝ። መዝገቤ ላይ አቀረቀርኩ፤ እነሱ ግን ትሕትና መሰላቸው። ሻዩን አልጠጣሁትም፤ ዝንብ ገባበት።

ከሰዓት በኋላ አምበሉ ዕቃውን ሊረከብ መጣ። ብቻችንን ነበርን። ጨርቁ የት እንደነበር ከባለባጃጁ ሰምቷል፤ ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደ ባጃጁ ተመለከተ።

"ከዚህ ሆነሽ ታዪው ነበር። ሆን ብለሽ ነው፣ አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

"ሴት ልጅ ተወለደችልኝ፣ ዓርብ ዕለት። እኔ እዚህ ጨርቅ ስፈልግ ለቅሶዋን በስልክ ሰማሁ።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት" አልኩት። ለሚስቱ ከልቤ ነው።

"ምን አድርጌሽ ነው?"

የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። አያውቅም ነበር። ስለ ዳሱ፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ ቲማቲም ሻጯ ነገርኩት። ለአንድ ወንድ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ።

"ለዚህች ነው? ጨዋታ እኮ ነው! ሕዝቡ አንቺን ያወቀሽ በኔ አይደለም እንዴ?"

ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላለኝም። አዲሱን የመረከቢያ ቅጽ ወደ እሱ ገፋሁለት። ጠዋት ውሉ ለሁለት ዓመት መሆኑን እንደሰማሁ ቁጭ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። ካልሲው ግራና ቀኝ ተብሎ ለየብቻ ተጽፏል። የታኬታው ክር ከታኬታው ተለይቷል፤ የቱታው ዚፕ ከነመጎተቻው፣ የማሊያው ከረጢት ከነማሰሪያ ገመዱ፣ የክንድ ማሰሪያውም አለበት። እያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት የፊርማ ቦታ አለው።

አምበሉ እያፏጨ በሁሉም ላይ ፈረመ። አንዱንም አላነበበም።