የተሰነጠቁት ሻማዎች

በሻማ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰም ስታቀልጥ የኖረችውን ሴት፣ የማታ ትምህርት ጓደኞቿ «እትዬ ሻማ» ይሏታል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ልጇን ለዩኒቨርሲቲ ካበቃች በኋላ «አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው» ብላ ተመዘገበች። ተራው ደረሰ እንጂ ጉልበቱ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል፣ ክፍል ስትገባ እግሯ አብጦ ጫማዋን ታላላለች።

በዚያ ሳምንት አዲሱ ፎርማን ሥራው ይፍጠን ብሎ፣ የሻማ ቅርጽ ማውጫዎቹ የበረዶ ውሃ ውስጥ እንዲነከሩ አዘዘ።

«ጌታዬ፣ ሰሙ ቀስ ብሎ ካልበረደ ይሰነጠቃል» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«እጄ ያውቀዋላ።»

«እጅሽ የታዘዘውን ይሥራ» ብሏት ሄደ።

ሻማዎቹ ከአናት እስከ ወገባቸው ተሰነጠቁ። ጠዋት ያፈሰሰችውን ከሰዓት መልሳ ስታቀልጥ ሦስት ቀን ሞላት። ትከሻዋ ዛለ።

ሐሙስ ማታ የኬሚስትሪ መምህሩ የጠጣር ዓይነቶችን አስተማረ። እሱም ቀን ሌላ ቦታ ሲያስተምር ውሎ ድምፁ ሰልሏል።

«ጨው የሚቀልጠው በስምንት መቶ ዲግሪ ነው፤ አዮኖቹ አጥብቀው ይያያዛሉ። ሰም ግን ስልሳ ዲግሪ ላይ እጁን ይሰጣል። ለምን?»

«ሞለኪውሎቹ ላላ አድርገው ነዋ የሚያያዙት» አለች።

«እትዬ ሻማ ሙያዋ መጣላት!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። «ልክ ነዎት፤ በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው መሳሳብ ደካማ ነው» አላት።

«ታዲያ የበረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለምን ይሰነጠቃል?»

«ሰም ሲጠጥር ይኮማተራል። ውጪው ባንዴ ሲጠነክር ውስጡ ገና ፈሳሽ ነው። ኋላ እሱም ሲኮማተር ይጓተታሉ፤ አያያዙ ደካማ ነውና ይተረተራል።»

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። በማግሥቱ ለፎርማኑ ቃል በቃል አነበበችለት። ማጅራቱን አከከ።

«ይሄ ከትምህርት ቤት ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የበረዶ ውሃው ይቅር።»

እንዳሰበችው ደስ አላላትም። ያው የራሷ ቃል ነበር፤ ከእጇ ሲመጣ ሰሚ አጣ እንጂ። ቀትር ላይ ደግሞ ፎርማኑ ለሥራ አስኪያጁ «አጥንቼ ደረስኩበት» ሲል ተሰማ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽው? ዝም ትያለሽ?» አለቻት ሻማ የምታሽገው ባልደረባዋ በንዴት።

«ተይኝ እህቴ፤ ዛሬ ሁለቴ አለማቅለጤ ይበቃኛል።»

ያን ማታ መምህሩ ስለ ጋዞች ሲጀምር፣ ጭንቅላቷን ደብተሯ ላይ ጣል አድርጋ አንቀላፋች። መምህሩ ይህን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስተማሩን ቀጠለ።