እንዳይነካ የተባለው ሰርቨር

ዘውድነሽን "ውጤት ሸጠሻል" ብለው ኮሚቴ ፊት ባቆሟት ቀን ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። እንዲበርድም አልፈልግም።

ዳንግላ ባለው የግል ኮሌጃችን የኮምፒውተር ነገር ሁሉ የእሷ ኃላፊነት ነው። ባሕር ዳር አብረን ተምረናል፤ እኔ ታሪክ፣ እሷ ኮምፒውተር። ያን ጊዜ ከዘንገና ሐይቅ አካባቢ የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ስትናደድ በአዊኛ ለራሷ ታጉረመርማለች። አማርኛዋን እየደገሙ የሚስቁባት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ትልልቅ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል። ማጉረምረሙ ግን አልተዋትም።

የኮሌጁ ምዝገባ፣ የተማሪው ውጤት፣ የኮምፒውተር ተማሪዎች ልምምድ ሳይቀር በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሁለተኛ ይገዛ ብላ ስትለምን ኖራለች። አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳም አለ፤ የምዝገባው ሳምንት ተማሪ ዝናብ ላይ ተሰልፎ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ዲናችን አቶ እንዳልካቸው ሰርቨሩን እንደ አራስ ልጅ ይሰስቱለታል። "እንዳይነካ" የሚል ወረቀት አስለጥፈውበታል፤ ከሬጅስትራር አንዷ ደግሞ የማርያምን ሥዕል ጨምራበታለች። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለክፍሎቹ አይደለም፤ ለእሱ ነው።

መጋቢት ላይ ዘውድነሽ ዲኑ ቢሮ ገባች። ከርነል በሚሉት የማሽኑ እምብርት ውስጥ፣ የኔትወርኩን ሥራ የሚሠራው ክፍል ቀዳዳ ተገኝቶበታል። ማስተካከያው ወጥቷል፤ እሷም ጭናዋለች። ነገር ግን ማሽኑ ጠፍቶ እስካልተነሳ ድረስ የሚሠራው በአሮጌው ነው።

"እና ምን ይሁን ነው የምትዪው?" አሏት።

"ለትንሽ ጊዜ ላጥፋው።"

"ካልተነሳስ?"

"ይነሳል።"

"ያኔም ይነሳል ብለሽ ነበር። ከምረቃ በኋላ እናየዋለን።"

ደጋግማ ጠየቀች። ኮሪደር ላይ ሲያገኟት "ዛሬም ልትገድይብኝ መጣሽ?" እያሉ ይስቁ ነበር። ሰኔ ላይ የወደቁ ተማሪዎች አልፈው ተገኙ። ሳቁ ያኔ ቆመ፤ ክሱ ተጀመረ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው ዲኑ ነበሩ፤ ክርክራቸው አጭር ነበር። ውጤት ለመቀየር ማሽኑን ሁሉ የሚያዝዘው የበላዩ ስም ፓስወርድ ያስፈልጋል፤ ፓስወርዱ ያለው ዘውድነሽ ጋ ብቻ ነው። ጥፋተኛ ከተባለች ከሥራ ተባርራ ለፖሊስ ልትተላለፍ ነው። ዳንግላ ደግሞ የሰው ስም ከወደቀ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ይነግርሃል።

ሦስተኛው አባል መምህር ይኸነው ነበሩ፤ አንጋፋ የሒሳብ አያያዝ መምህር። "ልጄ፣ ያለ ፓስወርድ እንዴት ይገባል? ለእኔ በሚገባኝ ንገሪኝ" አሏት።

"አባቴ የውኃ አባት ነበር፤ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል። ቦዩ ነጻ መሆኑን ያየ ሰው ሄዶ እንዲመለስ አይፈቅድለትም። ያየ እግሩን እዚያው ተክሎ ውኃውን ከምንጩ በሌላ ሰው ያስለቅቃል። አለዚያ እሱ ምንጩ ጋ እስኪደርስ ሌላው ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ይቀደዋል። እሱ ያየውን አምኖ ይለቃል፤ ውኃው ለጮሌው ይሆናል።"

"ይሁን። ማሽኑስ?"

"ማሽኑ እግሩን አይተክልም። አንዱ ሥራ የኔትወርክ መስመሩ ክፍት መሆኑን ያያል። ሊጠቀምበት ሲል ሌላው ሥራ መስመሩን ይዘጋና በማሽኑ ትውስታ ውስጥ ይዞት የነበረውን ቦታ ይለቀዋል። ጮሌው ቦታውን ይይዛል። የመጀመሪያው ይህን ሳያውቅ እዚያው ይጽፋል፤ ጮሌውን በገዛ እጁ አዛዥ ያደርገዋል። አንድ ተማሪ ሁለቱን ሥራ እኩል እያስነሳ ደጋግሞ ቢሞክር፣ አንዴ ይገጥምለታል።"

"ተረት አትንገሪን። አሳዪን" አሉ ዲኑ።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄድን። በተራ ተማሪ ስም ገብታ ሙከራውን አስነሳችው። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ። አቶ እንዳልካቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ማሽኑ ግን ራሱ ተነሳ። ዘውድነሽ ደግማ ሞከረች፤ ምንም የለም። ሦስተኛም ሞከረች፤ ምንም።

"ይኸው" አሉ ዲኑ፣ ነፍሳቸው መለስ ሲል። "ማሽኑ ደኅና ነው። ሌባው ሰው ነው።"

"ሙከራው ሳይገጥም ሲቀር አንዳንዴ ማሽኑን ይጥለዋል። ወድቆ የተነሳው በአዲሱ ከርነል ነው። አሁን ደኅና የሆነው እርስዎ ከመጋቢት ጀምሮ የከለከሉኝ ነገር ስለተደረገ ነው። አሮጌው ግን አልተሰረዘም። ላስነሳው?"

"በምንም ተአምር።"

አላየቻቸውም። ቁልፉን ተጫነች፤ ሲነሳ ከሚመጣው ምርጫ አሮጌውን መረጠች፤ በተማሪው ስም ገብታ ሙከራውን ጀመረች። ቆመን ጠበቅን። በአዊኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች። ድንገት ስክሪኑ ላይ የተማሪው ስም ጠፍቶ የበላዩ ስም ወጣ። ፓስወርድ የጠየቃት የለም።

"የማንን ውጤት ልክፈትልዎ?" አለቻቸው መምህር ይኸነውን።

"የማንንም። በቃ፣ ገባኝ።"

ዲኑ ክንዳቸውን አጣጠፉ። "ስለዚህ መንገዱን ታውቂው ነበር።"

ይህን ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩትም። አራት ወር ሙሉ ቀዳዳውን ልድፈን ያለች ሰው፣ ቀዳዳውን ስላወቀች ሌባ ልትባል ነው።

"አንተ ሰው" አሉ መምህር ይኸነው፣ "መንገዱን ነግራህ አይደለም እንዴ አትዝጊው ያልካት?"

ዘውድነሽ ማሽኑን ማንንም ሳትጠይቅ አጠፋችው፤ በአዲሱ አስነስታ ወጣች።

ከሌብነቱ ነጻ ተባለች። ውጤቱን የቀየረውን የፈለገ የለም። ሰርቨር ያለፈቃድ በማጥፋት ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እኔም መምህር ይኸነውም አንፈርምም አልን። የዲኑ ፊርማ ብቻውን በቃ።