ጸሐፊው ብድግ ይበል

የልብስ ሰፊዋ ልጅና የአክስቷ ልጅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ በአንድ መብራት ነው ያደጉት። የአክስቷን ልጅ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም «ቀለሜ» ይላታል፤ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ደግሞ «የቀለሜ እህት»። ይቺ መጠሪያ እንደ ጠባብ ጫማ ትቆረቁራታለች።

የሥነ ጽሑፍ መምህራቸው አንድ ልማድ አላቸው። ከሞዴል ፈተና በኋላ ከሁሉ የበለጠውን መልስ ስም ሳይጠሩ ለክፍሉ ያነባሉ። የማን እንደሆነ ተማሪው ይገምታል፤ ጸሐፊው ራሱ ብድግ ካላለ እሳቸው ትንፍሽ አይሉም። እስከ ዛሬ ብድግ ስትል የኖረችው ቀለሜ ናት፤ ያውም አንገቷን ደፍታ፣ እያፈረች። ልጅቱን የሚያንገበግባት ይሄ ማፈሯ ነው። «ምናለ ትንሽ ብትኮራና ደህና አድርጌ ብጠላት!» ትላለች በሆዷ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ የእኔ ይነበብ።»

በፈተናው ዋዜማ እናትየው ጠረጴዛውን በጨርቅ ሞልታው ስለነበር ሁለቱም አልጋው ላይ ሆነው አጠኑ።

«እስቲ ጠይቂኝ» አለች ቀለሜ።

«ደግሞ አንቺ ምን ያልያዝሽው አለ?»

«ኧረ ሙች፣ ሁሉም ጠፍቶብኛል!»

«ሁልጊዜ ይጠፋብሻል፤ ከዚያ ዘጠና ምናምን ታመጫለሽ።»

እናትየው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አንቺ ልጅ፣ ነገር ከምትፈልጊ እንደ እሷ አታነቢም?» አለች።

ክፉ አላሰበችም። ግን «እንደ እሷ» የምትለዋ ቃል እንደ መርፌ ወጋቻት።

ፈተናው ላይ የወጣው ታሪክ ስለ ሁለት እህትማማቾች ነበር። ታላቂቱ የታናሿን አዲስ ጫማ ጉድጓድ ውስጥ ትጥላለች። ጥያቄው «ለምን ይመስላችኋል?» ይላል። ልጅቱ ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ቀለሜ ተቀምጣለች፤ እስክሪብቶዋ ይጋልባል። ያ የለመደችው ቅናት ወጋት። ዓይኗን ከቀለሜ ሳትነቅል መጻፍ ጀመረች። ታናሺቱን በግራ እጇ አስጻፈቻት፤ ስታስብ በአፍንጫዋ የምታንጎራጉር፣ ተኝታ እንኳ በእንቅልፍ ልቧ ብርድ ልብሱን ለእህቷ የምታለብስ አደረገቻት። «ታላቂቱ ጫማውን የጣለችው» ብላ ጨረሰች፣ «ልጅቷን ስለጠላች አይደለም። ቀን ከሌት እሷን ብቻ ማየት ስለደከማት ነው።»

መምህሩ አርመው መጡና አንዱን ወረቀት መዘው ማንበብ ጀመሩ። ልጅቱ ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ለየችው። ልቧ በደስታ ዘለለ። ግራ እጁ ላይ ሲደርሱ ግን ክው አለች። ማንጎራጎሩ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ቀለሜ ናት! ስለ ራሷ ጽፋ!»

«ቀለሜ፣ ተነሺ እንጂ!»

ቀለሜ አልተነሳችም። «የእኔ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

መምህሩ ወረቀቱን እንደያዙ ጠበቁ። ልጅቱ ብትነሳ ቅናቷ እንደታጠበ ልብስ በሰው ፊት ሊሰጣ ነው። ባትነሳ ደግሞ ያ ስትመኘው የኖረችው ቀን ባለቤት አጥቶ ሊያልፍ ነው። ብድግ አለች።

ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። ቀለሜ ነበረች።

ከትምህርት ቤት ወጥተው አብረው ወደ ቤት አቀኑ።

«እውነት ብርድ ልብሱን አለብስሻለሁ?» አለች ቀለሜ።

«ሌሊት ሌሊት። ያፍነኛል።»

«ታዲያ ጫማዬን ልደብቀው?»

«ምን በወጣኝ እጥለዋለሁ! ልኬ ቢሆን አደርገው ነበር እንጂ።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቱ ግን እየሳቀች የዚያችን ጭብጨባ ነገር ታወጣለች ታወርዳለች። ቀለሜ ስታጨበጭብ ፊቷ ላይ አንዲት የቅናት ጠብታ አልነበረችም። ሙሉ ደስታ ነበር።

«ይሄንንም ትችልበታለች» አለች በሆዷ፤ ያ ቅናት እንደገና ወጋት።