የዱብሉቅ ሽርሽር

የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ሆኜ ሳለ፣ አንድ ቀን ቦረና ነኝ ብዬ ዋሽቻለሁ።

ያቤሎ ተማሪዎች ነበርን። ኪሳችን ባዶ ስለሆነ ሽርሽራችን ሁሉ የነጻ ነው። አንድ ቅዳሜ እኔና ጓደኛዬ ዘሀራ ጨው ሊጭን በሚወርድ ባዶ መኪና ዱብሉቅ ገባን። ቦረናዎች ከብት በሚያጠጡበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃ ሲቀባበሉ ስናይ ልባችን ዘለለ! ወርደን መቀባበል አማረን።

ጉድጓዱ ግን የጎሳ ነውና፣ አንድ ሽማግሌ መንገዱን ዘጉብን። "ናጋ፣ ልጆቼ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን። "ጎሳችሁ ማነው?"

ኦሮምኛዬ ጥሩ ነበርና፣ ከሾፌሩ የሰማሁትን የጎሳ ስም ጠራሁ።

"የኛው ልጅ ነሽ!" ብለው እጄን ያዙ። "ከብቶቻችሁስ ደህና ናቸው?"

"በድርቁ አለቁ፣ አባባ" አልኩ፣ ውሸቴ እንዲያምርልኝ።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስሜንና ትምህርት ቤቴን ጠየቁኝ፤ ወተት አጠጡን። ከዚያማ ወረድን፤ እስክንበሰብስ ውሃ ተቀባበልን፤ ዘፈንን! እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ከወር በኋላ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጠራኝ። በሩ ላይ ሽማግሌው ቆመዋል፤ አንዲት ቀይ ጊደር በገመድ ይዘዋል።

"ጎሳው ተሰብስቦ መከረ" አሉኝ። "ከብቱ ላለቀበት ወገን መስጠት ደንባችን ነው። እንኪ፣ እናትሽ ወተት አትጣ።"

ዘሀራ ከኋላዬ "አንቺ፣ እውነቱን ንገሪያቸው እንጂ!" እያለች ትቆነጥጠኛለች። አፌን ከፈትኩ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ" ብዬ ገመዱን ተቀበልኩ።

ዳግም አላገኘኋቸውም። እባካችሁ፣ በሳቸው ፈንታ እናንተ ይቅር በሉኝ።