ሉሲየስ ሆን ብሎ የረሳቸው ቃላት

ማርች 14 ቀን 2023፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንድሜ ሉሲየስ ጊሎሪ የእናታችንን በረንዳ ቀለም እየቀባ ሳለ ልቡ ቆመ። በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ ነጭ ሆኗል፤ የቀረው እንደተላጠ አለ። ዕድሜው ሃምሳ ነበር።

የተወለደው እዚሁ ሉዊዚያና፣ ኦፔሉሳስ ከተማ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ቀጠረውና ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተጫወተ። ሥራው ኳስ መያዝ አልነበረም፤ ኳስ የያዘው ሰው እንዳይነካ ከፊቱ ከቆመው ግዙፍ ጋር በራስ ቁር መላተም ነበር።

አርባን ካለፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው። ራስ ምታቱ ብርሃን አስጠላው። ትዳሩ ፈርሶ ወደ እናታችን ወደ ኦዴሳ ቤት ተመለሰ። አንድ ቀን ጨው የት እንደተቀመጠ ጠፍቶት የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን በር ገነጠለው። እሷም ፈራችው። «ክፋት ነው የገባበት፤ መድኃኒቱ ጸሎት ነው» ትል ጀመር።

ሐኪሙ ግን ማሪዋና አዘዘለት። ሉዊዚያና ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ይገዛል።

«ዊልበርትን የበላው ቅጠል? በዚህ ቤት?» አለች እናታችን። ወንድሟ ዊልበርት በአንዲት ከረጢት ማሪዋና ታስሮ እዚያው ወህኒ ነው የሞተው።

«እማማ፣ የኔ እኮ ከፋርማሲ ነው።»

«ዊልበርትም ከፋርማሲ ቢገዛ ኖሮ ይሄኔ ዲያቆን ነበራ! ምረጥ፤ ወይ ቅጠሉ ወይ ቤቴ።»

ያለ መድኃኒቱ አይተኛም፤ ካልተኛ ደግሞ እሷ ዘንድ ሊኖር አይችልም። የቀረው የሕሙማን መጦሪያ ነበር። ያንን ከመቃብር ለይቶ አያየውም።

በዚያው ሰሞን፣ ጭንቅላታቸው ለተጎዳ የቀድሞ ተጫዋቾች ካሣ እንዲከፈል ከሚመረምሩት ሐኪሞች ወደ አንዱ ወሰድነው። እናታችንም አብራን ገባች። ሐኪሙ ዐሥር ቃላት አነበበለትና መልሰህ ጥራቸው አለው። ሁለቱን ብቻ መለሰ።

«መጀመሪያ ቡድኑ ሲቀጥረውም ተፈትኖ ነበር፤ ያኔም የመለሰው ሁለት ነው። ስለዚህ የተጎዳ ነገር አለ ማለት አልችልም» አለ ሐኪሙ።

እናታችን ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ሁለት? በስድስት ዓመቱ መዝሙር ዘጠና አንድን በምእመኑ ፊት በቃሉ ያወረደ ልጅ?» ወደ ሉሲየስ ዞረች። «አንተ፣ ቀና በል። ምን ሠርተህ ነው?»

ያ ተራራ የሚያህል ሰው አንገቱን ደፋ። «አውቄ ነው የተሳሳትኩት፣ እማማ። ሁላችንም እንደዛ ነበር የምናደርገው። ነባሮቹ ገና መልበሻ ክፍል ስትገቢ ‹ስማ አንተ ጎረምሳ፣ ዛሬ ደደብ ሁን! ኋላ ጭንቅላትህን ተመትተህ ሲፈትኑህ ያው ነው ብለው ሜዳ ይመልሱሃል› ይላሉ። ከሜዳ ከወጣሽ ቦታሽን ሌላው ይወስደዋላ።»

«እና ብልጥ መሆንህ ነው?»

«በጣም ብልጥ ነበርን፣ እማማ።»

ካሣው ቀረ፤ ሐኪሙ የሉሲየስን ቃል ሳይሆን የድሮውን ውጤት ያዘ። እናታችን እስከ መኪናው ድረስ ቀድማን ሄደች። ከተቀመጠች በኋላ፣ «የዚያን ቅጠል ጭስ አልፈልግም» አለች።

«ጠብታ ነው። ከምላስ ሥር።»

«ከጨው አጠገብ ይቀመጥ። ቤቴ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። እግረ መንገድህን ጨውም የት እንዳለ ታውቃለህ።»

መድኃኒቱ አዳነው ብዬ አልጽፍም። አስተኛው። ቃላቱ መጥፋታቸውን አልተዉም፤ የጎረቤቶች ስም፣ የመንገዶች ስም፣ አንዳንዴም የኔ። ግን እንቅልፍ ያገኘ ሰው ነበርና ሲጠፋበት ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤቱ በሮች ሁሉ በማጠፊያቸው ላይ ናቸው። እናታችንም ክፋት የሚለውን ቃል ዳግም አላነሳችም።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ሰኞ፣ እንደ ሌላው ሰኞ ሁሉ፣ ቀይ አደንጓሬ ጥዳ ሳለች የሚገባበት ቅመም ጎደላት።

«ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ ቃሪያ። ልጻፍልህ?»

«መዝሙር ዘጠና አንድን ላወረደ ሰው?» ብሎ ኮፍያውን አደረገና ብቻውን በእግሩ ወጣ።

ኮፍያውን ሱቅ ረስቶ መጣ። እናታችን ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ ቃሪያ።